ሰሙ ቀረ፣ ወርቁ ቀለጠ

በ2019 ግንቦት ውስጥ «ሄሪቴጅ» የተባለው የአሜሪካ አጫራች ድርጅት አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል በ5.4 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ሥዕሉን ያዘዘው ንጉሥ አይደለም፤ ቤተ መንግሥት ውስጥም ተሰቅሎ አያውቅም። የአንድ ርካሽ የአስፈሪ ታሪኮች ኮሚክ መጽሔት ሽፋን ነው። መጽሔቱ «ኢሪ» ቁጥር 23፣ ዓመቱ 1969፣ የሥዕሉ ስም «የግብፅ ንግሥት»፣ ሠዓሊው ደግሞ ፍራንክ ፍራዜታ። (ዓመቶቹን ሁሉ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ታዲያ እዚያ መጽሔት ውስጥ ምን ምን ታሪክ ነበር? ከቀንደኛ ሰብሳቢዎች በቀር የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም። ሽፋኑ ግን ዛሬም በፖስተር፣ በቲሸርት፣ በስልክ ስክሪን ላይ አለ።

ቅኔ ቤት ደጅ ያልረገጥን ልጆች እንኳ ሰምና ወርቅ የሚባለውን ነገር እናውቃለን። ምሳሌው የመጣው ከአንጥረኛው ቤት ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ጭቃው እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። ሰም አላፊ ነው፣ ወርቅ ቀሪ። የኮሚክ ሽፋንም የታሰበው ሰም እንዲሆን ነበር። ሥራው አላፊ አግዳሚውን አስቁሞ ሳንቲሙን ከኪሱ ማስወጣት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወርቁ፣ ማለትም ታሪኩ፣ ይነበባል፤ ሽፋኑ ይቀደዳል። የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው።

እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ። ከእነዚህ ሥዕሎች ጋር ያገናኘኝ የቪዲዮ ጌም ነው። ጡንቻማው ተዋጊ፣ ከጀርባው ያለው ጭጋግ፣ ከእግሩ ሥር የተከመረው ሬሳ፣ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ ስቆፍር ፍራዜታ ጋ ደረስኩ። እዚያ ያቆየኝ ግን ውበቱ ብቻ አይደለም፣ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሰው ለሌላ ሰው ሠርቶ ገንዘቡን ሲቀበል፣ የሸጠው ምኑን ነው?

ከውስጥ ጋዜጣ፣ ከውጭ ቀለም

የድሮው የአሜሪካ ኮሚክ ርካሽ ዕቃ ነበር። የውስጡ ወረቀት የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ ቀለም ይመጥጣል፣ በጥቂት ዓመታት ይበልዛል። ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ ስለሚታተም የሰው ፊትና የምሽት ሰማይ አንድ ዓይነት ሆነው ቁጭ ይላሉ። ሽፋኑ ብቻ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ይታተማል። እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በብዕርና በጥቁር ቀለም የተሣለ መስመር ነው፤ ሌላው ቀለም የሚሞላው በኋላ ለኅትመት ሲዘጋጅ ነው።

በብሩሽ የተሠራ ሽፋን ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ በሸራ ወይም በሰሌዳ ላይ ሙሉ ሥዕል ይሣላል። ከዚያ ሥዕሉ በተለያየ የቀለም ማጣሪያ ፎቶ ይነሳና አራት ፕሌት ይወጣዋል፤ ለሰማያዊ፣ ለቀይ፣ ለቢጫ፣ ለጥቁር። አራቱ አንዱ በሌላው ላይ ሲታተሙ ሥዕሉ ተመልሶ ይመጣል። አድካሚ ነው፣ ወጪም አለው። ጥቅሙ መጽሔቱን የመጽሐፍ ግርማ መስጠቱ ነው።

«ክላሲክስ ኢለስትሬትድ» የሚባለው፣ ታላላቅ የሥነ ጽሑፍ ሥራዎችን በኮሚክ የሚያወጣው ተከታታይ፣ በ1951 ከመስመር ሽፋን ወደ ቀለም ቅብ ሽፋን ሲዞር ዋጋውንም ከ10 ወደ 15 ሳንቲም ከፍ አደረገ። በአዲሱ መልክ መጀመሪያ የወጣው የሆሜር «ኦዲሲ» ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ በቃል ሲዜም የኖረ ግጥም፣ በአምስት ሳንቲም ጭማሪ አዲስ ፊት አገኘ።

ዴል የተባለው አሳታሚም፣ በ1962 የመጣው ጎልድ ኪም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ጆርጅ ዊልሰን የሚባል ሠዓሊ ለእነዚህ ቤቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሽፋኖች ሠርቷል። ከዳይኖሰር ጋር የሚታገለው ቱሮክ፣ «ዘ ትዋይላይት ዞን»፣ ሌላም ብዙ። ሽፋኖቹን አገላብጣችሁ ስሙን ብትፈልጉ ግን አታገኙትም። ሥዕሉ አደባባይ ላይ ነው፣ ሠዓሊው የለም። ይሄን ያዙልኝ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ላቡ ይጥፋ

በ1954 ሚያዝያ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ኮሚክና የወጣቶች ጥፋት ምን አገናኛቸው ብሎ ኒውዮርክ ላይ ምስክር ሰማ። የኢሲ ኮሚክስ ባለቤት ዊልያም ጌይንስ ቀረበ። ሴናተር ኪፋውቨር አንስተው ያሳዩት ታሪክ አልነበረም፤ ሽፋን ነው። አንድ ሰው በአንድ እጁ መጥረቢያ፣ በሌላው የተቆረጠ የሴት ራስ ይዟል። ይሄ ለዓይን የሚገባ ነገር ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ጌይንስም ለአስፈሪ ኮሚክ ሽፋን አዎ፣ ይገባል ብሎ መለሰ። መልሱ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሰውዬው አለቀለት።

በዚያው ዓመት አሳታሚዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው «የኮሚክስ ኮድ» የሚባል ደንብ አወጡ። ቫምፓየር የለም፣ ዞምቢ የለም፣ «አስፈሪ» የሚል ቃል በርዕስ ላይ አይወጣም። የኮዱ ማኅተም ሽፋኑ ላይ ከሌለ አከፋፋዮች መጽሔቱን ወደ ሱቅ አያደርሱትም።

የደንቡን ጠባይ ለማወቅ አንድ ታሪክ ይበቃል። ኢሲ በ1953 «የፍርድ ቀን» የሚል ኮሚክ አውጥቶ ነበር፤ ሥዕሉ የጆ ኦርላንዶ ነው። አንድ ጠፈርተኛ ከምድር ተልኮ የሮቦቶች ፕላኔት ይጎበኛል። ብርቱካናማዎቹ ሮቦቶች ሰማያዊዎቹን ለይተው ረግጠዋቸዋል፤ በውስጣቸው ግን ልዩነት የላቸውም። ጠፈርተኛው ገና አልደረሳችሁም ብሏቸው ይሄዳል። በመጨረሻው ሥዕል የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ላብ እንደ ከዋክብት ያበራል። ኢሲ ይህን በ1956 መልሶ ሊያትም ሲል የኮዱ ኃላፊ ሰውዬው ጥቁር መሆን አይችልም አለ። ጌይንስ እምቢ ሲል ደግሞ ቢያንስ ላቡ ይጥፋ ተባለ። ጉዳዩን ለጋዜጣ እሰጠዋለሁ ብሎ አስፈራርቶ እንዳለ አሳተመው። ያ ቁጥር ኢሲ ያወጣው የመጨረሻው ኮሚክ ሆነ።

የቀለም ሁሉ ሸክም

ደንብ ባለበት ደንቡ ያላየው በር አለ። ኮዱ የሚመለከተው የተለመደውን የኮሚክ መጽሔት ነው። በ1964 ጄምስ ዋረን የሚባል አሳታሚ «ክሪፒ»ን ሲያወጣ መጠኑን እንደ ተራ መጽሔት አሰፋው፣ ውስጡን ጥቁርና ነጭ አደረገው፣ ዋጋውን 35 ሳንቲም ቆረጠ። መጽሔት ስለሆነ ማኅተም አያስፈልገውም። በቃ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ብልሃት ሲያይ ፈገግ ይላል።

ግን አንድ ነገር ተከተለ። ውስጡ ቀለም ስለሌለው ሽፋኑ ብቸኛው ቀለም ሆነ። ኪዮስክ ላይ ከሃምሳ መጽሔት መሀል ገዢውን የሚጠራው እሱ ብቻ ነው። ሸክሙን ከተሸከሙት ሠዓሊዎች ዋናው ፍራዜታ ነበር።

ፍራዜታ በ1928 ብሩክሊን ተወለደ። በስምንት ዓመቱ ሚኬሌ ፋላንጋ የተባለ ጣሊያናዊ መምህር ወደሚያስተምርበት ትንሽ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ በአሥራዎቹ ዕድሜው የኮሚክ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ለበርካታ ዓመታት «ሊል አብነር» የተባለውን የጋዜጣ ኮሚክ ለባለቤቱ ለአል ካፕ ሲሥል ኖረ፤ ሥዕሉ የእሱ፣ ፊርማው የካፕ። በ1964 «ማድ» መጽሔት ላይ የቢትልሱን ከበሮ መቺ ሪንጎ ስታርን በቀልድ የሻምፑ ማስታወቂያ ሣለው። ያን ያዩ የፊልም ሰዎች የፖስተር ሥራ ሰጡት፤ የዓመት ገቢውን በአንድ ከሰዓት በኋላ አገኘ ይባላል። እዚያ ላይ ነው የገበያውን ዋጋ ያወቀው።

ሥዕሎቹን ከአምስት ሜትር ርቀት እንደምታዩ ሆናችሁ እዩዋቸው፤ የተሠሩት ለዚያ ነውና። መሀሉ ላይ አንድ አካል ወይም አንድ ክምር አለ፤ ብርሃኑ እዚያ ብቻ ይወድቃል። ዳሩ በጭጋግ፣ በጭስ፣ በጥላ ይዋጣል። ብዙ ነገር የተሣለ ይመስላችኋል፤ ጠጋ ስትሉ ግን ዳሩ ላይ ያለው ጥቂት የብሩሽ ጭረት ነው። የቀረውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ከሱቅ ፊት ለፊት የሚያልፍ ሰው ሁለት ሴኮንድ ነው ያለው፤ ሥዕሉ በዚያች ሁለት ሴኮንድ ውስጥ እንዲሠራ ነው የተሰላው።

ይህ ኃይል ሁልጊዜ ለጭራቅ ብቻ አልዋለም። በ1965 ዋረን «ብሌዚንግ ኮምባት» የተባለ የጦርነት መጽሔት ጀመረ። አራት ቁጥር ብቻ ነው የወጣው፤ የአራቱም ሽፋን የፍራዜታ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ላይ አርቺ ጉድዊን የጻፈው፣ ከላይ ያነሳነው ጆ ኦርላንዶ የሣለው ታሪክ ወጣ። ባለታሪኩ አንድ ሽማግሌ የቬትናም ሩዝ ገበሬ ነው፤ ጦርነቱ መንደሩንና ማሳውን ይበላበታል፣ በመጨረሻም እሱን ራሱን። አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ በሰፊው እየገባች ነበር። አከፋፋዮች ፊታቸውን አዞሩ፣ የጦር ሠፈር ሱቆችም አልሸጥም አሉ። መጽሔቱ በ1966 ሞተ። ሽፋኖቹ ግን ተርፈው ዛሬም ሰብሳቢ ይሻማባቸዋል። ሰምና ወርቅ ያልኩት ይሄን ጭምር ነው፤ እዚህ ጋ ወርቁ መቅለጡ ያሳዝናል።

ከግጥም የወጣ ሰው

ፍራዜታን ፍራዜታ ያደረገው ግን ኮናን ነው፤ ኮናን ደግሞ የመጣው ከግጥም ነው። በ1932 የካቲት ውስጥ ሮበርት ሃዋርድ የሚባል የ26 ዓመት የቴክሳስ ጸሐፊ «ሲሜሪያ» የተሰኘ ግጥም ጻፈ። መነሻው በክረምት ዝናብና በጭጋግ ውስጥ ያያቸው የአገሩ ኮረብታዎች ናቸው። ግጥሙ አገር ፈጠረ፤ አገሩ ሰው ፈለገ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያው የኮናን ታሪክ «ዊርድ ቴልስ» መጽሔት ላይ ወጣ። ሃዋርድ በ1936፣ በ30 ዓመቱ አረፈ።

የመጽሔቱን ሽፋን በዚያ ዘመን በብዛት የምትሠራው ማርጋሬት ብረንዴጅ ነበረች። በፓስቴል፣ ማለትም በለስላሳ ባለቀለም ጠመኔ ነው የምትሥለው፤ ለአንድ ሽፋን 90 ዶላር ይከፈላት ነበር። «ኤም. ብረንዴጅ» ብላ ስለምትፈርም አንባቢው ሴት መሆኗን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ተገርሟል። ጠመኔ በትንሽ ንክኪ ይረግፋል፤ ከሥራዎቿ ዋናው ቅጂ የተረፈው ጥቂት ነው።

በ1966 ላንሰር የተባለው አሳታሚ የኮናንን ታሪኮች በኪስ መጽሐፍ መልክ ሲያወጣ ፍራዜታን ጠራ። የፍራዜታው ኮናን ቆንጆ አይደለም። ጠባሳ አለው፣ ፊቱ በጥላ ተሸፍኗል፣ ሰይፉን ተደግፎ ከሬሳ ክምር ላይ ቆሟል። ሠዓሊው መጽሐፉን እንዳላነበበ በኋላ ራሱ ተናግሯል። እንዴ፣ ሳያነብ! ግን ዛሬ «ኮናን» ስትሉ ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው ሃዋርድ የጻፈው ሰው አይደለም፤ ፍራዜታ የሣለው ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሰፈር የሚነካ ነገር ስላለ ሳልናገር አላልፍም። ሃዋርድ ለምናቡ ዓለም ስም ሲያወጣ ከእውነተኛው ታሪክ ነው የዘረፈው፤ ከስሞቹ አንዱ «ኩሽ» ነው። እውነተኛው ኩሽ ዛሬ ሱዳን በምንላት ምድር መናገሻውን ሜሮዌ ያደረገ መንግሥት ነው፤ የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በአራተኛው መቶ ዘመን ወደዚያ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ትቶልናል። በሃዋርድ ገጾች ላይ ግን የኩሽ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስም የለሽ ጭፍራ ናቸው፤ ነጩ ጀግና የሚመራቸው ወይም የሚያርዳቸው። ኮናን በእነሱ ዘንድ «አምራ» ይባላል፣ አንበሳው ለማለት። በአማርኛ ጆሮ ስትሰሙት ቆንጆ ሴት ይመስላል፤ ሳቁበት፣ ግን ቀሪው አያስቅም። ስለዚህ ወርቁ ቀለጠ ስል ሁሉም መቅለጡ ያስለቅሳል ማለቴ አይደለም። ሰሙም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የፍራዜታ ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ እርቃናቸውን ከጀግናው እግር ሥር የተጠመጠሙ ናቸው።

በ1969 የወጣችው «ቫምፒሬላ» ላይ ያለውን ደግሞ እዩ። የመጀመሪያውን ቁጥር ሽፋን ፍራዜታ ሣለው። ቀይ ልብሷን ያሰበችው ግን ትሪና ሮቢንስ የተባለች የኮሚክ ሠዓሊ ናት፤ በስልክ ነው ለፍራዜታ የነገረችው። ልብሱ በሌሎች እጅ ከቁጥር ቁጥር እያነሰ ሲሄድ እኔ ያሰብኩት ይሄን አልነበረም ብላለች። ሐሳቡ የእሷ፣ እጁ የእሱ፣ ባለመብቱ ዋረን። ባለቤቱ ማነው?

ሸራው ወደ ቤት

አሁን ወደ ጥያቄዬ መጣሁ። በዚያ ዘመን የነበረው ልማድ ግልጽ ነበር፦ አሳታሚው ከከፈለ ሁሉም የእሱ ነው፤ የማተም መብቱም፣ ሸራውም። አንዳንድ ቤቶች ቼኩ ጀርባ ላይ የውል ቃል ያትሙ ነበር። ገንዘቡን ለማውጣት ስትፈርም መብትህን አብረህ ትፈርማለህ። ዋናዎቹ ሥዕሎች መጋዘን ይቆለላሉ፣ ይጠፋሉ፣ ይሰጣሉ፣ ይጣላሉ። ማርቭልን ከገነቡት ሰዎች አንዱ ጃክ ከርቢ ለድርጅቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ሣለ። በ1980ዎቹ ገጾቼን መልሱልኝ ሲል፣ ረጅም የመብት መተው ሰነድ ከፈረምክ 88 ገጽ እንሰጥሃለን ተባለ። ብዙ ጩኸት ካለፈ በኋላ በ1987 ወደ 2,000 ገደማ ገጽ ተመለሰለት።

ፍራዜታ ይሄን ቀድሞ አይቶታል። በ1955፣ ገና ስሙ ሳይወጣ፣ ሌላ መጽሔት አልፈልገውም ያለውን አንድ የጠፈር ሽፋን ይዞ ወደ ጌይንስ ሄደ። ጌይንስ የገዛውን ዋና ሥዕል ሁሉ ማስቀረት ልማዱ ነበር። ፍራዜታ አነስ ያለ ገንዘብ ተቀብሎ አንድ ጊዜ የማተም መብት ብቻ ሰጠውና ሥዕሉን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። በኋላም ከዋረንም ሆነ ከላንሰር ጋር ሲሠራ ሸራው ወደ ቤት ይመለስ ነበር። እንዲያውም ተመልሶ የመጣውን ሥዕል እንደገና ይነካካዋል፤ ፊት ይለውጣል፣ ቀለም ይጨምራል። ስለዚህ የታተመው ሽፋንና ዛሬ ያለው ሸራ አንዳንዴ አንድ አይደሉም።

ልብ በሉ፣ ብልሃቱ የሕግ ሊቅነት አይደለም። አንድ የሚመስለውን ነገር ለሁለት መክፈል ነው። ሥዕሉን የማተም መብት አንድ ነው፣ ሸራው ራሱ ሌላ። አሳታሚው የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛውን የሚወስደው ማንም ስለማይጠይቀው ነው። ግጥም ሙያዬ አይደለም፤ ግን ይህን ሳስብ ሁለት መስመር መጣልኝ፦

ሸጠኸዋል ይላሉ፤ የሸጥኩት ጥላ ነው፣
ከጓሮዬ ዛፉን ማን ነው የነቀለው?

ከዛፉ ፍሬውን የለቀመችው ባለቤቱ ኤሊ ናት። ሥዕሎቹን በፖስተር እያሳተመች ትሸጥ ነበር፤ በ1975 የወጣው የሥዕሎቹ መድበል በሰፊው ተሸጠ። ከጥቁር ፈረስ ላይ የተቀመጠው ባለቀንድ ቁር ተዋጊ፣ የ1973ቱ «ዴዝ ዲለር»፣ ከዚያ ወዲያ በሮክ አልበም ሽፋን ላይ ወጣ፣ በአሜሪካ የጦር ሠፈርም ሐውልት ሆነ። ፍራዜታ በእርጅናው ተደጋጋሚ ስትሮክ ሲመታውና ቀኝ እጁ ሲከዳው በግራው መሣል ተለማመደ። ሥዕሎቹ ፔንስልቬንያ ውስጥ በቤተሰቡ ሙዚየም ነበሩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ዛፍ ካለ ወራሽ አለ። ኤሊ በ2009 ሞተች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከልጆቻቸው አንዱ የሙዚየሙን በር በቁፋሮ ማሽን ሰብሮ 90 ያህል ሥዕሎች ሊወስድ ሞክሯል ተብሎ ተከሰሰ። በቀጣዩ ዓመት ቤተሰቡ ታረቀ፣ ክሱም ቀረ፤ ፍራዜታ በግንቦት 2010 አረፈ። ባለቤትነት ሰላም አይሰጥም። የሚሰጠው ምርጫ ነው። ጆርጅ ዊልሰን ግን ያ ምርጫ እንኳ አልቀረበለትም።

ዛፍ የሌለው ጥላ

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለትዝታ ብቻ አይደለም። አንዲት የመጽሐፍ ሽፋን የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ። አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ የምትገዙ ከሆነ ሥራዋን ሳታውቁ አይታችሁታል። አንድ አሳታሚ ለአንድ ልቦለድ ሽፋን ከፍሏት፣ ያንኑ ሥዕል በኋላ ለማስታወቂያና ለኩባያ አውሎታል፤ ስሟ አንዱም ላይ የለም። ስትጠይቅ «ከፍለንሽ የለ እንዴ?» ተባለች።

የፍራዜታን ታሪክ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እኔ ምን ሸራ አለኝ?» አለችኝ። ልክ ናት። የምትሥለው በታብሌት ነው፤ የምትልከው ፋይል ነው። የእኔም ሥራ እንደዚያው ነው። ኮድ ዋና ቅጂ የለውም፤ ሰርቨሩ ላይ ያለውና ላፕቶፔ ላይ ያለው አንድ ናቸው። ሥራ ስለቅ ላፕቶፑን አስረክቤ እወጣለሁ፤ ወደ ቤት የሚመለስ ሸራ የለኝም። እኛ የምንሸጠው ጥላ ነው፤ ከጓሮ ምንም አልተተከለም። ምስል የሚፈጥሩት ፕሮግራሞች ደግሞ መጥተዋል፤ «በፍራዜታ ስልት» ብለህ ስትጽፍ ጭጋጉንም ጡንቻውንም ያመጡልሃል። ስልት በቅጅ መብት አይጠበቅምና ሸራ ያለውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

የእኛ ሕግ ምን ይላል? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በእኛው አቆጣጠር ነው) ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱን ለአሠሪው ወይም ላዘዘው ሰው ይሰጣል። የሞራል መብቱ፣ ማለትም ሥራው የእኔ ነው ብሎ ስምን የማስጠቀስ መብት፣ ከሠሪው ጋር ይቀራል። እዚያ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሐረግ እዩልኝ፤ «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር»። ፍራዜታ በ1955 ጌይንስ ፊት የቆመባት መሬት ይህችው ነች።

ስለዚህ ሸራ በሌለበት ዘመን ዛፉ ውሉ ነው። ጓደኛዬ አሁን ፋይሉን ከመላኳ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ትልካለች። ሽፋኑ ለየትኛው መጽሐፍ፣ ለስንት እትም እንደሆነ ይላል። ለሌላ ነገር ከዋለ ሌላ ክፍያ እንዳለው ይላል። ስሟ የሽፋኑ ጀርባ ላይ እንደሚጻፍም ይላል። አንዳንዱ አሳታሚ ይስቃል፣ አንዳንዱ ዋጋ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ይፈርማል። ባለፈው የወጣውን መጽሐፍ ገልብጬ አየሁት፤ ከባርኮዱ በላይ፣ በትንሽ ፊደል፣ ስሟ አለ።